በግቢ ውስጥ ወድቆ ስለሚገኝ የዱር ወፍ

በጅቡቲ ከተማ ከግንቦት ጀምሮ የቆየው ንዳድ መብረድ ሲጀምርና ጥቅምት ሲቃረብ፣ በየሰፈሩ የሚደጋገም አንድ ነገር አለ። ጧት በሩን የከፈተ ሰው ከውሃ በርሜሉ ሥር ወይም ከቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ከዶሮ የሚበልጥ ቡናማ ወፍ ክንፉን አንጥፎ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጦ ያገኛል። ልጆች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ድንጋይ ያነሣል፤ ሌላው ውሃ በጣሳ ይዞ ይመጣል። ጎረቤት ደግሞ ክንፉ ተሰብሯል፣ የለም ታሞ ነው፣ ምናልባትም በሽታ ይዞብን መጥቷል እያለ ይከራከራል። በዚህች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚደረገው ነገር የወፉን መዳንና መሞት የሚወስን ነው። ድንጋዩ ሊገድለው እንደሚችል ሁሉም ያውቃል፤ በርኅራኄ ወደ አፉ የሚፈስሰው ውሃም እንደ ድንጋዩ ሊገድለው እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ወፉ በግቢው የተገኘበትን ምክንያት ለመረዳት ከከተማው ይልቅ ወደ ባሕሩ መመልከት ያስፈልጋል። ንስርን፣ ጭልፊትንና ጥንብ አንሳን የመሳሰሉት ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው አዕዋፍ ወደ ሩቅ አገር የሚጓዙት ክንፋቸውን ሳያቋርጡ እያርገበገቡ አይደለም። ፀሐይ ካጋለችው መሬት በሚነሣው ሙቅ አየር ላይ እየዞሩ ወደ ሰማይ ይወጣሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው እስከሚቀጥለው ሙቅ አየር ድረስ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። በዚህ ዘዴ ያለ ብዙ ድካም በአንድ ቀን ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። በባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ አየር እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች ብርዱን ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚወርዱት አዕዋፍ የዓረብን ምድር አቋርጠው ከየመን ጫፍ ሲደርሱ፣ ባሕሩ እጅግ የሚጠብበትን ስፍራ ይፈልጋሉ። ያም ስፍራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባብ ኤል መንደብ ነው፤ ወዲህ ማዶ ከኦቦክ በስተ ሰሜን ያለው ራስ ሲያን ይቀበላቸዋል።

የሚሻገሩት ብዛት ለከተማው ነዋሪ ተረት ሊመስለው ይችላል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆፍ ዌልችና ሂላሪ ዌልች የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ከጓደኞቻቸው ጋር በዚያ ጠረፍ ተቀምጠው፣ ከጥቅምት ወር መጀመሪያ አንሥቶ አምስት ሳምንት ያህል የሚያልፉትን አሞሮች ሲቆጥሩ ከ240 ሺህ በላይ አገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ከ76 ሺህ የሚበልጡት ስቴፕ ከሚባለው የሣር ሜዳ የሚመጡት ቡናማ ንስሮች ነበሩ። ከዚህ ቆጠራ በፊት በዚህ ጠባብ ባሕር ላይ ይህን ያህል ሠራዊት እንደሚያልፍ በዓለም የተረዳ አልነበረም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ጉዟቸውን ወደ ኢትዮጵያ ይቀጥላሉ። የቀሩት ግን ከከተማው በስተ ደቡብ በዱዳ ባለው የቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ከግብፅ ጥንብ አንሳ ጋር ተሰብስበው ክረምታቸውን ያሳልፋሉ። የግብፅ ጥንብ አንሳ የሚባለው ያ ፊቱ ቢጫ፣ ገላው ነጭ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው ነው። እርሱም፣ ቡናማው ንስርም፣ በዓለም ላይ ሊጠፉ ከሚያሰጋቸው አዕዋፍ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ በበርሜል ሥር የተገኘው ወፍ ተራ አሞራ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ከሚሻገሩት መካከል ብዙዎቹ በዚያው ዓመት ተፈልፍለው የመጀመሪያ መንገዳቸውን የሚሄዱ ናቸው። ነፋስ ከመንገድ ያሳተው፣ ምግብ ያጣ ወይም ባሕሩን ክንፉን እያርገበገበ ለመጨረስ የተገደደ ጫጩት፣ ኃይሉ ሲያልቅበት ባገኘው ጥላ ያርፋል። ይህ ወፍ ደክሟል እንጂ አልተሰበረም። ከዚህም በላይ ጤነኛ የሆነ ንስር እንኳ ማለዳ ከመሬት ላይ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም፤ የሚያነሣው ሙቅ አየር ገና አልመጣለትምና። ፀሐይ ከፍ ብላ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ መቀመጡ የዘወትር ልማዱ ነው። በዚህ ሰዓት ታሟል ተብሎ በሰው የሚባረርና የሚያዝ ወፍ በከንቱ ይጎዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መመልከት ነው። ውሻው ይታሰር፤ ድመቷ ወደ ቤት ትግባ፤ ልጆቹ ይራቁ። ከዚያ በኋላ አንድ አዋቂ ሰው ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ ጸጥ ብሎ ይመልከተው። ሁለቱ ክንፎቹ በጀርባው ላይ እኩል ታጥፈው እንደ ሆነ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ሰውን የሚከታተል እንደ ሆነ፣ ሰው ሲቀርበውም በሁለት እግሩ የሚራመድ እንደ ሆነ፣ እስከ ቀትር ድረስ ቢተዉት ይሻላል። አፉን ከፍቶ ቶሎ ቶሎ መተንፈሱና ክንፉን ከገላው ማራቁ ብቻውን የበሽታ ምልክት አይደለም፤ ወፍ ላብ ስለሌለው ሙቀቱን የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነው። ጥላው ከሸሸበት አሮጌ ጆንያ ወይም ምንጣፍ ከሩቅ በእንጨት ዘርግቶ ጥላ ማበጀት፣ ጥልቀት በሌለው ሳሕን ውሃ አኑሮ መራቅ ይበቃል።

በእውነት የተጎዳው ግን ይለያል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ዝቅ ብሎ መሬት ይጎትታል፤ ደም ወይም አጥንት ይታያል፤ ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ዝንብ ወይም ጉንዳን ሰፍሮበት አያባርርም፤ በጎኑ ወይም በጀርባው ተኝቷል። ድመት በአፏ ይዛው የነበረ ወፍ ደግሞ ቁስሉ ባይታይም ከተጎዱት ወገን ይቆጠራል። በድመት ጥርስ ላይ ያለው ተህዋስ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ቁስል ገብቶ በጥቂት ቀን ይገድለዋልና፣ የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ከትላልቆቹ ይልቅ በየግቢው የሚበዙት ግን የርግብ፣ የድንቢጥና የቁራ ጫጩቶች ናቸው፤ በእነዚህም ላይ የሚሠራው ስሕተት የበለጠ ነው። ላባው ሙሉ ሆኖ ጅራቱ ያጠረ፣ መሬት ለመሬት እየዘለለ የሚጮኽ ጫጩት የተጣለ አይደለም። መብረር የሚማረው እንዲህ ነው፤ እናትና አባቱም ከአጥር ወይም ከሽቦ ላይ ሆነው ይመለከቱታል፤ ሰው ሲርቅ ያጎርሱታል። ድመት እንዳይበላው ከቅርንጫፍ ወይም ከግንብ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ገና ላባ ያላበቀለው ከጎጆው የወደቀ ሲሆን፣ ጎጆው የሚደረስበት ከሆነ መመለስ ነው። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ አትቀበለውም የሚባለው በብዙ አገር የሚነገር ቢሆንም እውነት አይደለም። የቁራን ነገር በተመለከተ፣ አንገቱ አመድማ የሆነው የከተማው ቁራ ከሕንድ ወገን በመርከብ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች የገባ መጤ ነው፤ የሌላውን ወፍ እንቁላልና ጫጩት ስለሚዘርፍ የሚወደው የለም። ይሁን እንጂ ጫጩቱን ለማንሣት ያጎነበሰ ሰው ከኋላው በወላጆቹ መንቁር ራሱን መመታቱ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ባይወዱትም እንኳ መተው ይመረጣል።

ሌላም አንድ ወፍ አለ፤ ክንፉ እንደ ማጭድ የረዘመና የጎበጠ፣ እግሩ ግን ከማነሱ የተነሣ የሌለ የሚመስል። ይህ ወፍ ሕይወቱን በአየር ላይ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ከደልዳላ መሬት መነሣት ያቅተዋል። ጉዳት ካልታየበት በተዘረጋ መዳፍ ላይ አድርጎ ከፍ ባለ ስፍራ ማቆየት ነው፤ ራሱ ሲፈልግ ይሄዳል። ወደ ላይ መወርወር ግን አይገባም።

የተጎዳውን ወፍ ማንሣት ግድ የሆነ እንደ ሆነ መሣሪያው በየቤቱ አለ፤ ሽርጥ ወይም ፎጣ፣ ክዳን ያለው ካርቶን፣ ለአየር ማስገቢያ የሚሆን ቀዳዳ። ሽርጡን ከኋላ በኩል በቀስታ በወፉ ሁለንተና ላይ መጣል ነው። ዓይኑ ሲጨልምበት ፍርሃቱ ወዲያው ይቀንሳል። ከንስርና ከጭልፊት የሚፈራው መንቁሩ ሳይሆን ጥፍሩ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ ሁለቱን እግር በጨርቁ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ሽመላ ግን የሰውን ዓይን በመንቁሩ ይወጋልና ራሱን ሳይዙ ፊትን ማቅረብ አደጋ ነው። ሔሮን የሚባለው የከተማው ሰፈር ስሙ በፈረንሳይኛ የዚሁ ወፍ ስም ነው፤ ውሃ ዳር ያለውን ግቢ የሚጎበኘውም እርሱ ነው። ትንሽ ወፍ ሲሆን ደረቱን አጥብቆ መጨበጥ ፈጽሞ አይገባም። ወፍ እንደ ሰው ሳንባውን የሚስብለት ከሆዱ በላይ የተዘረጋ ሥጋ የለውም፤ የሚተነፍሰው የደረቱ አጥንት ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ነው። ደረቱ የተጨበጠበት ወፍ አፍንጫው ክፍት ሆኖ ሳለ ታፍኖ ይሞታል፤ የያዘው ልጅም ተኝቷል ብሎ ያስባል።

በካርቶኑ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያስፈልገው ጨለማ፣ ቅዝቃዜና ጸጥታ ነው። ስለ ቅዝቃዜ ስንናገር ጥላ ያለበትን የቤት ውስጥ ስፍራ ማለታችን ነው እንጂ ካርቶኑን ከአየር ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት ማኖር አይደለም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ መተው ግን በጅቡቲ ሙቀት ሞት ነው። በየሩብ ሰዓቱ እየከፈቱ ማየት፣ ለጎረቤት ማሳየት፣ ፎቶግራፍ ለመነሣት በክንድ ላይ ማስቀመጥ፣ እንደ ቤት እንስሳ መደባበስ ለሰው መልካም ይመስላል። ለዱር ወፍ ግን የሚበላው አውሬ እንደያዘው ያህል ነው፤ በድንጋጤ ብቻም ይሞታል። ከመስታወት ጋር ተጋጭቶ የደነዘዘ ወፍ በዚህ ጨለማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ካረፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ይበራል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። የወፍ የትንፋሽ ቧንቧ አፉን የሚከፍተው ከምላሱ ሥር ነው። ወፍ በራሱ ፈቃድ ሲጠጣ ይዘጋዋል፤ ሰው በግድ ሲያፈስስበት ግን ውሃው በቀጥታ ወደ ሳንባው ይገባል። ደክሞ የነበረው ወፍ ውሃ በተሰጠው በሰዓቱ ሲሞት፣ ያጠጣው ሰው ድሮም የሚሞት ነበር ብሎ ይጽናናል። ወተትም እንዲሁ ነው፤ የወፍ ሆድ ወተትን መፍጨት ስለማይችል ያስቀምጠዋል። ዳቦና ሩዝ ለንስር ምግብ አይደሉም። ለጥቂት ሰዓት ምንም ሳይበላ መቆየቱ አይጎዳውም፤ የተራበ ገላ በድንገት ሲሞላ ግን ሊጎዳው ይችላል።

ከሁሉም ይልቅ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ስለ ክኒን ነው። ለሰው ራስ ምታትና ለወገብ ሕመም የሚወሰደውን መድኃኒት ለወፍ መስጠት መርዝ መስጠት ሊሆን ይችላል። ለዚህም የታወቀ ማስረጃ አለ። በሕንድ፣ በፓኪስታንና በኔፓል የነበሩት ጥንብ አንሶች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከመቶ እጅ ዘጠና የሚበልጠው ክፍላቸው አለቀ። ምክንያቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2004 የታተመ ምርመራ ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ መሆኑን ገለጠ። መድኃኒቱ ለከብት ይሰጥ ነበር፤ የሞተውን ከብት የበላ ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ሕንድ በ2006 ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። ዲክሎፌናክ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የሚገኝ ክኒን ነው።

ስለ በሽታው የሚነሣው ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። በ2006 ግንቦት ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን በጅቡቲ ተገኝቶ አንዲት ሕፃን ልጅ ታማ ነበር። ስለዚህ ወፍን የነካ ሰው እጁን በሳሙና አጥብቆ ይታጠብ፤ ካርቶኑ ከምግብ ማብሰያውና ከዶሮዎች ይራቅ። በአንድ ስፍራ ብዙ ወፎች ባንድ ጊዜ ሞተው ቢገኙ በእጅ ሳይነኩ ለባለ ሥልጣን ማስታወቅ እንጂ ለውሻ መጣል አይገባም። ሆኖም አንድ የደከመ ንስር በግቢ ስለ ተገኘ ብቻ በሽታ መጣ ብሎ በዱላ መግደል፣ በሽታውን አያርቅም፤ ደሙን በግቢው ላይ ይረጨዋል።

አንዳንዱ ወፍ በእግሩ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት፣ በጀርባውም ላይ ቀጭን ሽቦ ያለው ትንሽ መሣሪያ ተሸክሞ ይገኛል። የብዙ አገር ጦር በሰፈረበት በዚህ ወደብ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ሰው ወዲያው ስለላን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገሩ በሌላ አገርም ደርሷል። በ2011 በሳዑዲ ዓረቢያ አንድ ጥንብ አንሳ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ መሣሪያ ስለ ተገኘበት ተይዞ፣ የአገሩ የዱር አራዊት ባለ ሥልጣኖች መሣሪያው የሳይንስ መሆኑን ገልጠው እንዲለቀቅ አደረጉ። በ2013 በግብፅ በቄና አንድ ሽመላ ሰላይ ነው ተብሎ በፖሊስ ጣቢያ ታሰረ፤ ተመርምሮ ነፃ ወጣ፤ ነገር ግን ከተለቀቀ ከጥቂት ቀን በኋላ በአስዋን አካባቢ ለሥጋ ተገደለ። መሣሪያው የወፉን መንገድ ለሊቃውንት የሚያስታውቅ ነው፤ የዱዳ ጥንብ አንሶች ከየት እንደሚመጡና የት እንደሚሄዱ የታወቀውም በዚሁ ነው። ስለዚህ በራስ ዲካ፣ በቡላዎስና በባልባላ ኮሚዩኖች ያሉ ሹማምንት እንዲህ ያለ ወፍ ቢቀርብላቸው፣ ቁጥሩንና የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፈው ማስተላለፍ እንጂ ቀለበቱን መፍታት ወይም ወፉን እንደ ኤግዚቢት ማቆየት አይጠበቅባቸውም።

ወፉን ወዴት ይወስዱታል ለሚለው ጥያቄ በጅቡቲ መልስ አለ። ዴካን የተባለው የአራዊት መጠለያ በ2001 በፈረንሳዊው የእንስሳት ሐኪም በቤርትራን ላፍራንስ ተመሥርቶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በስተ ደቡብ ይገኛል፤ ከነጋዴ የተያዙ አቦ ሸማኔዎችንና ሌሎች የተጎዱ አራዊትን በመቀበል የታወቀ ነው። አሶሲያሲዮን ጅቡቲ ናቱር የተባለው ማኅበር ደግሞ ስለ አዕዋፍ የሚሠራ ሲሆን የበርድላይፍ ኢንተርናሽናል አባል ነው። ቋንቋ የቸገረው ኢትዮጵያዊ የአገሩን ተወላጅ ጎረቤቱን ይዞ ቢሄድ ነገሩ ይቃለልለታል፤ ወፍ በሶማሊኛ ሺምቢር ይባላል። የዱር እንስሳን መያዝ፣ መግደልና መሸጥ በ2004 በወጣው የብዝኃ ሕይወት ድንጋጌ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ንስሩን በገመድ አስሮ በግቢ ማሳደግ ወይም በመንገድ ዳር ለገዥ ማቅረብ ደግነት ሳይሆን ጥፋት ነው።

አንድ ነገር በተለይ የሹማምንቱ ነው። ወፉ የተገኘው ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር ከሆነ፣ ላባው ወይም እግሩም የተቃጠለ ከሆነ፣ ጉዳዩ በአንድ ወፍ አያበቃም። በሱዳን ከፖርት ሱዳን የሚነሣ 31 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው በ1950ዎቹ የተዘረጋ መስመር ለብዙ ዓመታት የግብፅ ጥንብ አንሶችን ሲገድል ቆይቷል፤ በ2010 የተመለከቱት ሊቃውንት በምሰሶዎቹ ሥር 17 ሬሳ አገኙ። ወፉ በብረት ምሰሶው ላይ ቆሞ ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውን ይነካል፤ ኃይሉም በገላው ያልፋል። ነገሩ በማስረጃ ተደጋግሞ ከቀረበ በኋላ መስመሩ በ2014 ተቋርጦ ሽፋን ባለው ሌላ መስመር ተተካ። ማስረጃውም ሌላ ሳይሆን ከምሰሶ ሥር የተለቀመው ሬሳና የተጻፈው ቀን ነበር። ስለዚህ የምሰሶው ቁጥር መመዝገብና ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት መጻፍ ከሹሙ የሚጠበቅ ነው።

ወፉ ድኖ የሚለቀቅበት ቀን ሲደርስ ከሽቦና ከመንገድ የራቀ ገላጣ ስፍራ ይመረጣል፤ ሰዓቱም ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ይሁን። ካርቶኑን በነፋሱ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ኋላ መራቅ ነው። ንስሩ ወዲያው ላይነሣ ይችላል፤ ጥቂት ይራመዳል፣ ላባውን ያራግፋል፣ ሰማዩን ያያል። ከዚያ ተነሥቶ መዞር ሲጀምር ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ያመራል። በየካቲትና በመጋቢት ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ይህን መንገድ አይደግመውም፤ አብዛኛው ቡናማ ንስር በጸደይ ወደ ሰሜን ወጥቶ በስዊዝ በኩል ይሻገራል።